«ሌላ ሰው ደውሏል» ያልንባቸው ሦስት ሌሊቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ወሩ ግንቦት። ባሕር ዳር በግንቦት ቀኑን ሙሉ ታፍና ትውልና ማታ ላይ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነሳል። ያን ዕለትም ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ አቧራውን ተከትሎ ዝናብ መጣ። መብረቁ ጣና ላይ ብልጭ ሲል ከመስኮቴ ይታየኝ ነበር። ወዲያው ከጓሯችን ጀርባ የሆነ ነገር ተሰነጠቀ፣ ከባድ ፍንዳታ ተከተለ፣ ሠፈሩ በአንድ ጊዜ ጨለመ። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦው ላይ ወድቆ ኖሯል።

በዚህ የሚደነግጥ ሰው በእኛ ሠፈር የለም። ሻማ ይለኮሳል፣ ስልኩ ባትሪ ያለው በስልኩ ያበራል፣ «ይመጣል» ተብሎ ይተኛል። እኔም ልተኛ ስል በሬ ተንኳኳ። በግቢያችን የኋላ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ወጣት እናት ናት። በአንድ እጇ ስልኳን እያበራች፣ በሌላው በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር ይዛለች።

«ሲስተር፣ ይቅርታ፣ አስመሸሁብዎ። የልጅቷ መድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ ነበር። መብራት ከሄደ ይበላሻል?»

ከሥራ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ «ሲስተር» የሚለው መጠሪያ ግን ጡረታ አይወጣም። ጨርቁን ስፈታው ሁለት የኢንሱሊን ብልቃጥ አገኘሁ። አንዱ ተከፍቷል፣ አንዱ ገና አልተከፈተም። ልጅቷ ያኔ 11 ዓመቷ ነው። ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ያለ መርፌው መኖር አትችልም።

እናትየዋን አረጋጋኋት። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። የተከፈተው ግን ፀሐይ በማያገኘው፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ከተቀመጠ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የየዓይነቱ ልክ ከማሸጊያው ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ከሙቀቱ ይልቅ በረዶ ፈጥኖ የሚያበላሸው መሆኑን ነው። አንድ ጊዜ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም መጣል አለበት። ስለዚህ መብራት ጠፋ ብሎ ብልቃጡን በቀጥታ በረዶ ላይ ማስቀመጥ ትክክል አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ከገበያ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ማሰሮ አመጣን። ትልቁ ውስጥ አሸዋ አድርገን፣ ትንሹን መሐል አስቀምጠን፣ አሸዋውን ውሃ አጠጣነው። ብልቃጦቹን በደረቅ ላስቲክ ጠቅልለን ትንሹ ማሰሮ ውስጥ ከተትናቸው፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንነው። ውሃው እየተነነ ሲሄድ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። እናቶቻችን የጋን ውሃ የሚያቀዘቅዙት በዚሁ መንገድ ነው። በክረምት አየሩ እርጥበት ሲበዛው የዚህን ያህል አይሠራም፤ በበጋና በበልግ ግን ይጠቅማል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅትና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሰሜን ኬንያ ካለው የዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ ተነስተው ያደረጉት ጥናት በ2013 ወጥቷል። በዚያ ጥናት ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ጉልበቱን አላጣም። ይህን የምጽፈው ፍሪጅ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። መብራት ሲሄድ መድኃኒቱን የሚጥሉ እናቶች ስላሉ ነው።

ይህን ሁሉ ነግሬያት እንኳ ሌላ ነገር ተፈጠረ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ልጅቷ ውሃ ጠጥታ አልረካ አለች፤ ሽንት ቤት ተመላለሰች፤ ፊቷ ጠወለገ። እናትየዋን «ጠዋት ወግተሻታል?» አልኳት። አቀረቀረች። «ተበላሽቶ ከሆነ ይጎዳታል ብዬ ፈርቼ ነው ሲስተር፤ መብራት ሲመጣ አዲሱን ልጀምርላት ብዬ።» በስኳር መለኪያው ስናየው 380 አለን። የተበላሸ ኢንሱሊን መርዝ አይሆንም፤ ሥራውን መሥራት ብቻ ነው የሚያቅተው። መርፌውን መዝለል ግን ልጅን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ማስመለስ፣ ወደ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ከዚያም ራስን ወደ መሳት ያደርሳል። የታዘዘላትን ወጋናት፤ በየሰዓቱ እየለካን፣ ቢያስመልሳት ሆስፒታል ልንሮጥ ተዘጋጅተን ዋልን። ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ ወረደ። ያ ብልቃጥ ከማሰሮው የወጣው ነበር፤ ሠርቷል።

ልጅቷ እንደ ተረጋጋች ንዴቴ መጣ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ሠፈሩ ወጣሁ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ «ማን ደወለ?»

የመጀመሪያው ጎረቤት «እንዴ ሲስተር፣ እስካሁንማ ሳይደወል ይቀራል?» አለኝ። ከዓሣ የምትኖረው ጎረቤታችን የቀዘቀዘ ቆሮሶ ፊሌቶዋ ተበላሽቶባት ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። «ባለ ጄኔሬተሩ ሳይደውል አይቀርም፤ ነዳጁ ያልቅበታላ» አለችኝ። ባለ ጄኔሬተሩ ደግሞ «እኔማ ምን ቸገረኝ፤ ሌሎቹ ደውለው ይሆናል ብዬ ነው» አለ። በትራንስፎርመሩ ዙሪያ ያለውን ቤት ሁሉ አዳረስኩ። በሦስት ቀን ውስጥ አንድም ሰው አልደወለም። እኔም አልደወልኩም! በሙያዬ ሰውን ስወቅስ የኖርኩበትን ጥፋት ራሴ ሠርቼዋለሁ።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ቁጥር 905 ነው። ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በትሕትና የደንበኛ ቁጥሬን ጠየቀችኝ። ቢሉ የት እንዳለ አላውቅም። ተከራይዋን ጠየቅኳት፤ ቆጣሪው በአከራዩ ስም ነው፣ አከራዩ አዲስ አበባ ነው ያሉት። በመጨረሻ የማዕዘኑ ባለ ሱቅ ጋሼ የገዙት ሁሉ ደረሰኝ በካርቶን የሚያስቀምጡ ሰው ናቸውና ቢላቸውን አውጥተው አነበቡልኝ። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ የጥገና መኪና መጣ። ከሠራተኞቹ አንዱ መሰላሉን እያወረደ ያለኝን አልረሳውም። «እናቴ፣ ከሰብስቴሽን የወጣው መስመር እኮ አልጠፋም። እኛ ጋ ይሄ ሠፈር በርቷል ነው የሚለው።» ቅርንጫፉን ቆረጡ፣ ሽቦውን ቀጠሉ፣ የትራንስፎርመሩን ፊውዝ ቀየሩ። ሥራው አንድ ሰዓት አልሞላም።

ይህን ጉዳይ ለቤተሰብ ገጽ ልጽፈው የወሰንኩት «በርቷል ነው የሚለው» ባለው ቃል ምክንያት ነው። እኛ ደንበኞች መብራት በሄደ ቁጥር አንድ ሰው ቢሮ ተቀምጦ ያየናል ብለን እናስባለን። ነገሩ እንደዚያ አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ ለማየት መብራቱ ከየት ተነስቶ እቤታችን እንደሚገባ መከተል ያስፈልጋል።

የባሕር ዳር ሰው በዚህ ጉዳይ ላይ ከሌላው የተለየ ምፀት አለበት። አባይ ከጣና የሚወጣው በከተማችን ደጃፍ ነው። ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የመጀመሪያው የጢስ አባይ ማመንጫ በ1956 ሥራ ጀመረ፤ አቅሙ 11 ሜጋ ዋት ግድም ነበር። ሁለተኛው ጢስ አባይ በ1993 በ73 ሜጋ ዋት ተከተለ። በግንቦት 2002 የተመረቀው ጣና በለስ ደግሞ ውሃውን ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ ወስዶ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ወንዝ ይጥለዋል፤ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከዚያ ወዲህ ወደ ጢስ አባይ ፏፏቴ የሚወርደው ውሃ እንደ ድሮው አይደለም፤ በወጣትነታችን ለሽርሽር ስንሄድ ከሩቅ ያረጥበን የነበረውን ጢስ የዛሬ ልጆች በፎቶ ነው የሚያውቁት። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብም፣ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው፣ ያረፈው በዚሁ በእኛው አባይ ላይ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ኃይል ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አያድንም። ኃይሉ ከማመንጫ ወጥቶ በከፍተኛ መስመር ሰብስቴሽን ይገባል፤ ከዚያ በ15 ሺህ ቮልት መስመር በከተማው ይሠራጫል፤ በየሠፈሩ ፖል ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት ያወርደዋል፤ በመጨረሻ በቀጭን ሽቦ ቆጣሪያችን ዘንድ ይደርሳል። ሰብስቴሽኑ ላይ ችግር ሲኖር ባለሙያው ወዲያው ያያል። ከትራንስፎርመሩ ወዲህ ያለው ሲበላሽ ግን በአገራችን በአብዛኛው የሚታወቀው ደንበኛ ሲናገር ነው። በሰውነት ብናስበው፣ ልብ ሲታመም የሚጮህ መሣሪያ አለ፤ ጣት ሲደነዝዝ ግን በሽተኛው ካልተናገረ ሐኪሙ ከየት ያውቃል?

ከድሮ ጀምሮ «መብራት ኃይል» እያልን የምንጠራው መሥሪያ ቤትም ዛሬ አንድ አይደለም። በ1948 ባለሥልጣን ሆኖ ተቋቋመ፣ በ1989 ኮርፖሬሽን ሆነ፣ በ2006 ለሁለት ተከፈለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በከፍተኛ መስመር ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ያከፋፍላል፣ ቆጣሪ ያስገባል፣ ያነባል፣ ሒሳብ ይሰበስባል፣ የሠፈር ብልሽት ይጠግናል። ለእኔና ለእርስዎ ጉዳያችን ያለው ከሁለተኛው ጋር ነው። የግድብ ውሃ ሲያንስ፣ በ2001 እና በግንቦት 2011 እንደ ሆነው፣ ፈረቃ ይወጣል፤ ያኔ መላው አገር ያውቀዋል፣ በፕሮግራሙ መሠረት እንጀራም ይጋገራል። የሠፈር ብልሽት ፕሮግራም የለውም።

ስለዚህ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይመልከቱ። ጎረቤት በርቶ የእርስዎ ብቻ ከጠፋ የቤትዎን ብሬከር ይዩ፤ ካርድ ቆጣሪ ከሆነ ቀሪ ሒሳቡን ይዩ። እርስዎ ጋ አንዱ ክፍል በርቶ ሌላው ከጠፋ ወይም መብራቱ ደብዝዞ ምጣዱ አልግል ካለ አንዱ ፌዝ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ይነገራል። የእርስዎ መንገድ ጨልሞ ማዶ ያለው ሠፈር ከበራ ነገሩ ያለው በእናንተው ትራንስፎርመር ዘንድ ነው፤ ያኔ ሌላ ሰው ደውሏል አይበሉ። ሲደውሉ የደንበኛ ቁጥር፣ ሠፈርና ምልክት፣ የጠፋበት ሰዓት፣ የታየ ነገር ካለ (የተበጠሰ ሽቦ፣ የፈነዳ ነገር) ይናገሩ። የተቀበልዎትን ሰው ስምና ሰዓቱን ይጻፉ። ከተማው ሁሉ ከጨለመ ግን እነሱም ያውቁታል፤ ስልኩን ማጨናነቅ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ስለ መጻፍ የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ፤ አርባ ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ አሁንም ያሳፍረኛል። በጣና ዳርቻ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ ክትባት የምናስቀምጠው በላምባ በሚሠራ ፍሪጅ ነበር። የፍሪጁን ሙቀት ጠዋትና ማታ አይቶ በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት መመዝገብ የእኔ ሥራ ነው። አንድ ቅዳሜና እሑድ ሳላይ ቀረሁ። ሰኞ ጠዋት አራቱንም ባዶ ሣጥን «5፣ 5፣ 5፣ 5» ብዬ በግምት ሞላሁ፤ ሁልጊዜም 5 ነበራ። ከዚያ በሩን ስከፍተው ለብ ያለ አየር ፊቴን መታኝ። ክሩ ቅዳሜ ጠፍቶ ኖሯል። ወረቀቱን ቀድጄ እውነቱን ለኃላፊያችን ተናገርኩ፤ ክትባቱ ተጣለ። ያን ዕለት ግን በታንኳ ተሻግረው የመጡ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። «በሚቀጥለው ተመለሱ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሁሉም አልተመለሱም።

በግምት የተጻፈ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። የመብራት ቢልም ያው ነው። ቢል ላይ ያለፈው ንባብና የአሁኑ ንባብ የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ የሁለቱ ልዩነት በወሩ የተጠቀሙት ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ይህ በታሪፉ ይባዛል፣ የአገልግሎት ክፍያ ይደመርበታል። አንባቢው በሩ ተዘግቶበት ወይም በሌላ ምክንያት ሳያነብ ቢቀር ወሩ በግምት ሊሞላ ወይም ወደሚቀጥለው ሊንከባለል ይችላል። ሰው «በኋላ ይስተካከላል» ይላል፤ ግን ታሪፉ በእርከን የተሠራ ነው። በታኅሣሥ 2011 ተጀምሮ በየዓመቱ ከፍ ያለው ታሪፍ መጨረሻው ላይ በወር እስከ 50 ለሚጠቀም ቤት አንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ግድም፣ ከ500 በላይ ለሚሄደው 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር። ከመስከረም 2017 ወዲህ ዋጋው በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ተወስኗል፤ በእርከን መሆኑ ግን አልቀረም። በወር 45 የሚጠቀም ቤት አንድ ወር ሳይነበብ ቀርቶ በሚቀጥለው 90 ሆኖ ቢመጣ ከዝቅተኛው እርከን ወጣ ማለት ነው። የተጠቀመው ያንኑ ነው፣ የሚከፍለው ግን ይበልጣል።

ለቤት እመቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ በምጣድ ላስላላችሁ። የመብራት ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። 3 ተኩል ብንለው፣ ሁለት ሰዓት ሲጋገርበት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል፤ በሳምንት አንድ ቀን ቢጋገር በወር 28። የ50ው ግማሽ በእንጀራ ብቻ አለቀ! ከዚህ የከፋው ደግሞ የተከራዮች ጉዳይ ነው። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም እያንዳንዱ ድሃ ሆኖ አንድ ላይ ግን እንደ ሀብታም ይቆጠራል፤ የ50 ኪሎ ዋት ሰዓቱ ቅናሽ የታሰበው ለእነሱ ሆኖ ሳለ አያገኙትም። አከራይ በየክፍሉ የራሱን ትንሽ ቆጣሪ ቢያስገባ እንኳ ሒሳቡን ያከፋፍላል እንጂ እርከኑን አያወርደውም። ለየብቻ ውል ያለው ቆጣሪ ማስገባት ወጪም ጊዜም ይጠይቃል፤ እስከዚያው ተከራይ ቢያንስ ቢሉን የማየትና የደንበኛ ቁጥሩን የማወቅ መብቱን ሲከራይ ጀምሮ ቢነጋገርበት ይሻላል። በጨለማው ሌሊት ያጣነው ቁጥር ያ ነበር።

ምርመራው ቀላል ነው። በየወሩ በአንድ ቀን የቆጣሪውን ቁጥር በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ፎቶው ቀኑን ራሱ ይይዛል። ቢል ሲመጣ የአሁኑ ንባብ የሚለውን ዛሬ ቆጣሪው ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ። ቢሉ ላይ ያለው ከቆጣሪው ከበለጠ ክርክር አያስፈልገውም፤ ቆጣሪ ወደኋላ አይቆጥርምና ንባቡ ስህተት ነው። ፎቶውን ይዘው ወደ አገልግሎት መስጫው ይሂዱ። ቅሬታውን በጽሑፍ ያቅርቡ፣ ኮፒው ላይ መቀበላቸውን ያስፈርሙ። እዚያ ካልተፈታ ዘርፉን የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን አለ። ዛሬ ክፍያው በንግድ ባንክና በቴሌብር ስለሆነ ወረፋው ቀርቷል፤ በዚያው ግን ቢሉን ሳያዩ መክፈል ተለምዷል። ልጆቻችን ከሩቅ ሆነው ይከፍሉልናል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ቁጥሩን የሚያየው ግን ማንም የለም።

ካርድ ቆጣሪ ያላቸው ሰዎች ከግምት ንባብ ነፃ ናቸው። የእነሱ ጣጣ እኩለ ሌሊት ላይ ማለቁ ነው። ቤት ውስጥ በኦክስጅን መሣሪያ የሚረዳ በሽተኛ፣ አራስ ወይም ፍሪጅ የሚፈልግ መድኃኒት ካለ ሒሳቡ ሳያልቅ፣ በተለይ ከበዓልና ከእሑድ በፊት ይሙሉ።

ነርስ ነኝና ከጨለማው ጋር ስለሚመጣው አደጋም ሳልናገር አላልፍም። መብራት ሲሄድ ከሰል ይወጣል። ጭሱ አልቆ የቀላ ከሰል የማይጎዳ ይመስላል፤ ግን ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። በተዘጋ ክፍል ከሰል አስገብተው የተኙ ቤተሰቦች በዚያው የቀሩባቸውን ቤቶች አውቃለሁ። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ብዙ ሰው በአንድ ቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው በሩን ከፍተው ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡ። ጄኔሬተርም በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ሥር አይነሳም። የተበጠሰ ሽቦ ካዩ መብራት ጠፍቷል ብለው አይጠጉ፤ በድንገት ሊመጣ ይችላል። ቢያንስ 10 ሜትር ይራቁ፣ ልጆችን ያርቁ፣ ይደውሉ። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ አይጎትቱ፤ ቤት ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፉ። ከዚያ ምንም አልሆንኩም ቢልም ሐኪም ይየው፤ ቃጠሎው ከላይ ትንሽ ሆኖ ውስጡን የጎዳ፣ የልብ ምቱን ያዛባ ሊሆን ይችላል።

ምጣድና ካውያ ላይ እያሉ ከሄደ ስፒናውን ይንቀሉ። ሰው ረስቶት ወጥቶ መብራቱ ሲመጣ ቤት ይቃጠላል። ፍሪጅም ይነቀል፤ መብራቱ ሲመጣ ኃይሉ በዝቶ ስለሚመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ይሻላል። በሩን ካልከፈቱት ፍሪጅ ውስጥ ያለ ምግብ አራት ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚያ በላይ የቆየ ሥጋ፣ ወተትና ዓሣ ለልጅ አይሰጥ፤ ማሽተት ብቻ አያስተማምንም።

ከዚያ ግንቦት በኋላ በግቢያችን አንድ ደብተር ተገዛ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ 905፣ የግቢው የደንበኛ ቁጥርና የጥገና ሠራተኞቹ ያሳዩን የትራንስፎርመሩ ምልክት አለ። ከዚያ ቀን፣ የሄደበት ሰዓት፣ የደወለው ሰው፣ የመጣበት ሰዓት። በወሩ መጀመሪያ የቆጣሪው ቁጥር። ደብተሩን የያዘችው ልጅቷ ናት፤ የስኳሯን መለኪያ ከምትጽፍበት ደብተር ጋር ጎን ለጎን ታስቀምጠዋለች። ዛሬ ትልቅ ተማሪ ሆናለች፣ መርፌዋን ራሷ ትወጋለች።

ባለፈው ወር አንድ ማታ ጨለመ። ሻማ ፍለጋ ስዳብስ ከኋላ ክፍል ድምጿን ሰማሁ፤ የደንበኛውን ቁጥር በቃሏ እየጠራች ነው። ከዚያ ወደ እኔ መስኮት ጮኸች፤ «ሲስተር፣ እኔ ደውያለሁ፤ ማዶ ያሉት በርቶላቸዋል፣ የእኛው ነው!» የዓሣ ሻጯ ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ መለሰችላት፤ «እኔም ደውያለሁ ልጄ፣ ተመዝግቧል ብለውኛል።»